ጨዋታም ሐያሲ አለው

«ሄዲስ» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የተሰጡ አስተያየቶች ታሪካዊ ቅኝት

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቆሰበር፣ በሌላ ስሟ በእንጅባራ፣ በሚካሄደው የፈረስ ትርዒት ላይ የተገኘ ሰው ሁለት ነገር ተመልክቶ ይመለሳል። አንደኛው ፈረሰኛው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ፈረሰኛውን የሚመለከተው ሕዝብ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ፈረስ በዐድዋ ድል የነበረውን ድርሻ እየዘከረ በሚያከብረው በዚህ በዓል፣ ሜዳውን ከብቦ የሚቆመው ተመልካች ለማጨብጨብ ብቻ የመጣ አይደለም። ፍርድ ይሰጣል። ማን ቀደመ ብሎ ከጠየቀ በኋላ እንዴት ቀደመ ብሎም ይጠይቃል። የጋላቢውን አቀማመጥ፣ የልጓሙን አያያዝ፣ የፈረሱን ጌጥ ያያል፤ በጉግሱ ጊዜ የተወረወረው ዘንግ በጋሻ እንዴት እንደ ተመከተ፣ የወደቀም ቢኖር እንዴት እንደ ተነሣ ልብ ይላል። ትርዒቱ ተፈጽሞ ፈረሱ ወደ ጋጣው ከገባ በኋላ እንኳ ክርክሩ በየቤቱ ይቀጥላል።

ይህን የሕዝብ ፍርድ ሂስ ብለን የመጥራት ልማድ የለንም። ሂስ ሲባል ወደ አእምሮአችን የሚመጣው የመጽሐፍ፣ የተውኔት፣ የሥዕልና የዜማ ምዘና ነው። ጨዋታ የልጅ ነገር ነው፤ ካልሆነም የሥራ ፈት መዋያ ነው ተብሎ ከምዘናው ውጭ ይቀራል። በተለይ በኮምፒዩተርና በስልክ ስለሚካሄዱት የዘመኑ ጨዋታዎች በመምህራንና በኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ አዘውትሮ የሚነገረው ቃል አንድ ነው፤ ይኸውም «ጊዜ ያባክናሉ» የሚል ነው። ቃሉ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ነቀፋ እንጂ ምዘና አይደለም፤ ሳያዩ መንቀፍ ደግሞ ከሐያሲ የሚጠበቅ ተግባር አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በዚሁ ጥፋት ተካፋይ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ በትምህርት ሰዓት በደብተሩ ጀርባ ላይ የሰው መልክ ሲሥል አገኘሁት። ጥላው በጥቁር ቀለም የደመቀ፣ መስመሩ እንደ ምላጭ የሰላ ሥዕል ነበር። ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው ከአንድ የቪዲዮ ጨዋታ መሆኑን ነገረኝና፣ «ቲቸር፣ እዚያ ጨዋታ ውስጥ መሞት መሸነፍ አይደለም፤ ታሪኩ የሚቀጥለው ሲሞቱ ነው» አለኝ። ደብተሩን አስከድኜ ወደ ትምህርቱ መለስሁት። ቃሉ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ጨዋታው «ሄዲስ» የሚባል መሆኑን፣ በዓለም ሐያስያን ዘንድም ብዙ ያነጋገረ ሥራ መሆኑን የተረዳሁት ቈይቼ ነው። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ በጊዜው ያልሰጠሁት መልስ ነው ማለት ይቻላል።

የቀደመ ልማዳችን

ጨዋታን በሂስ ዓይን ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው የሚል ካለ ወደ ሰንጠረዥ መለስ ብሎ ይመልከት። ሰንጠረዥ በአገራችን መኳንንት ዘንድ ለረጅም ዘመን የተወደደ ጨዋታ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር ጽፎ አቆይቶልናል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሥርዓት ጥናት አሳትመዋል። ጨዋታው ዛሬ በዓለም ከሚታወቀው ቼዝ የሚለይባቸው ነገሮች አሉት። «ወረራ» በሚባለው በመጀመሪያው ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እንደየፍጥነታቸው ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው።

ለያዝነው ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የአጨራረሱ ሥርዓት ነው። የባላጋራን ንጉሥ በኃይለኞቹ ጠጠሮች፣ ማለትም በፈረሱ ወይም ዛሬ ግንብ በምንለው፣ ማጥመድ ማሸነፍ ቢሆንም ውበት የጐደለው ማሸነፍ ነው። ከእነርሱ ደካማ በሆኑት በፈርዝና በፊል ያጠመደ ይመሰገናል። በተራው እግረኛ ያጠመደ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይደነቃል። ሦስቱም አሸንፈዋል፤ ሆኖም ሦስቱ እኩል አይመሰገኑም። ከዚህ የምንረዳው አባቶቻችን ለጨዋታ ሁለት ሚዛን እንደ ነበራቸው ነው። አንደኛው ሚዛን ማን አሸነፈ ይላል፤ ሁለተኛው ሚዛን አሸናፊው እንዴት ባለ ጥበብ አሸነፈ ይላል። ሂስ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው።

«ሮግ» እና ልጆቹ

«ሄዲስ» የበቀለበት ዘር የተዘራው በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ነው። ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ ሁለት የሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ሮግ» የተባለ ጨዋታ ሠሩ፤ ኬን አርኖልድም በኋላ በበርክሌይ ተባባሪያቸው ሆነ። ጨዋታው ሥዕል አልነበረውም። ጀግናው ዛሬ በኢሜይል አድራሻ መካከል የምናየው ምልክት ነበር፤ ጭራቆቹ የላቲን ፊደላት ነበሩ፤ ግድግዳውና ወለሉ ሰረዝና ነጥብ ነበር። ጀግናው ከምድር በታች ወዳለው ዋሻ ወርዶ አንድ ክታብ ይዞ እንዲመለስ ይጠበቅበታል።

የ«ሮግ» አዲስነት በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነበር። በመጀመሪያ፣ ዋሻው በእያንዳንዱ ጨዋታ እንደ አዲስ ይገነባል፤ ስለዚህ ትናንት የተሄደበትን መንገድ ሸምድዶ ዛሬ ማለፍ አይቻልም። ሁለተኛ፣ የሞተ ሞተ ነው፤ ጀግናው ከወደቀ ተጫዋቹ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከመጀመሪያው ደጃፍ ይጀምራል። በ1983 እ.ኤ.አ. በበርክሌይ ከተዘጋጀው የኮምፒዩተር ሥርዓት ጋር አብሮ ስለ ተሰራጨ በየዩኒቨርሲቲው ታወቀ፤ ብዙዎችም አምሳያውን ሠሩ። ከእነዚህ መካከል በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኔትሃክ» ይገኝበታል። የእነዚህ ሁሉ የወል ስም «ሮግላይክ» ሆነ፤ «ሮግን የመሰለ» ማለት ነው።

ወገን ሲበዛ ድንበር ማስመር ግድ ይሆናል። በ2008 እ.ኤ.አ. በበርሊን የተሰበሰቡ የዚህ ዘርፍ ሠሪዎች እውነተኛው ሮግላይክ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ዘርዝረው ወሰኑ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት የወጣው የዴሬክ ዩ «ስፔላንኪ»፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው «የይስሐቅ መታሰር» እና ሌሎችም የበርሊኑን ድንበር እየጣሱ ሄዱ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሮግ ሌጋሲ» ደግሞ አዲስ ሐሳብ አመጣ። በዚህ ጨዋታ የሞተው ጀግና ያከማቸው ወርቅ ለልጁ ይተላለፋል፤ ልጁም ከአባቱ ጠንክሮ ይነሣል። ለዚህ ለቀለለው ዓይነት «ሮግላይት» የሚል ስም ወጣለት። ሞት ቀርቶ ሳይሆን ትርጉሙ ተለውጦ ነው፤ መጨረሻ መሆኑ ቀርቶ ውርስ ሆነ።

እዚህ ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ዴድ ሴልስ» ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። የሠራው በፈረንሳይ በቦርዶ ከተማ የሚገኘው «ሞሽን ትዊን» የሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን፣ አባላቱ እኩል ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ውሳኔውንም በጋራ የሚወስኑ ነበሩ። ሐያስያን ስለ ሥዕሉና ስለ እንቅስቃሴው ቅልጥፍና ሲጽፉ ስለ አሠራሩም አብረው መጻፋቸው፣ ሥራው ከሠሪው ተነጥሎ የማይታይ መሆኑን ያስገነዝባል።

ጥበብ ነው ወይስ አይደለም?

ጨዋታው እንዲህ እያደገ ሲሄድ የሐያስያኑ ክርክር ሌላ መልክ ያዘ። በ2010 እ.ኤ.አ. ስመ ጥሩው አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት የቪዲዮ ጨዋታ ከቶ ጥበብ ሊሆን አይችልም ሲል ጻፈ። ከዋና ዋና መከራከሪያዎቹ አንዱ፣ ጨዋታ ሕግና ግብ ያለው፣ የሚሸነፍና የሚሸነፍበት ነገር ነው፤ ልብ ወለድን ወይም ተውኔትን ግን ማንም አያሸንፈውም የሚል ነበር። ጽሑፉ በሺህ የሚቆጠሩ ተቃዋሚዎችን አስነሣ። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቪዲዮ ጨዋታ እንደ መጽሐፍና እንደ ተውኔት ሐሳብን የሚገልጽ ሥራ ስለ ሆነ የሕግ ጥበቃ ይገባዋል ሲል ወሰነ። በ2012 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶንያን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ጥበብ ዐውደ ርእይ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም 14 ጨዋታዎችን ከስብስቡ ውስጥ አስገባ። የለንደኑ «ጋርዲያን» ጋዜጣ የሥነ ጥበብ ጸሐፊ ጆናታን ጆንስ ግን ይህን የሙዚየሙን ውሳኔ አጥብቆ ተቃወመ።

በእኛ በኩል የኢበርትን መከራከሪያ በሰንጠረዡ ሥርዓት መመዘን እንችላለን። ማሸነፍና መሸነፍ ያለበት ነገር ውበት አይኖረውም ቢባል፣ በእግረኛ ያጠመደው ተጫዋች ለምን ይበልጥ ተደነቀ? የጉግስ ተመልካችስ ለአሸናፊው ብቻ ሳይሆን አምሮ ለወደቀውም ለምን እልል ይላል? ማሸነፍ ውበትን አያስቀርም፤ ውበትም ከማሸነፍ ጋር አንድ አይደለም። ቢሆንም ኢበርት ያነሣው ጥያቄ ከንቱ አልነበረም። የጨዋታ ሠሪዎች ሥራቸው በፍልሚያው ብቻ ሳይሆን በታሪኩ፣ በሥዕሉና በዜማው እንዲመዘን ከፈለጉ፣ እነዚህን ሁሉ ከፍልሚያው ጋር አዋሕደው የማሳየት ግዴታ እንዳለባቸው አሳስቦአል። «ሄዲስ» የተመዘነው በዚህ ሚዛን ነው።

የ«ሄዲስ» አነሣሥ

ጨዋታውን የሠራው በ2009 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተቋቋመው «ሱፐርጃያንት» የተባለ አነስተኛ ድርጅት ነው። ከዚያ በፊት በ2011፣ በ2014 እና በ2017 እ.ኤ.አ. «ባስቲየን»፣ «ትራንዚስተር» እና «ፓየር» የተባሉ ሦስት ሥራዎችን አቅርቦ ነበር። በ«ሄዲስ» ላይ የሠሩት የድርጅቱ ባልደረቦች ወደ 20 የሚጠጉ ናቸው። የሥዕል ክፍሉን ጄን ዚ መርታዋለች፤ ድርሰቱን ግሬግ ካሳቪን ጽፎታል፤ ሙዚቃውን ዳረን ኮርብ ደርሶታል።

የአቀራረቡ መንገድ ለሂስ ታሪክ ልዩ ትርጉም አለው። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ አልሸጠም። በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ገና ያልተፈጸመውን ጨዋታ ለሕዝብ አቀረበ፤ ተጫዋቾች የሰጡትን አስተያየት እየተቀበለ፣ እያረመና እየጨመረ ለሁለት ዓመት ያህል ሲሠራ ከቈየ በኋላ በመስከረም 17 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. (በእኛ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ) ሙሉውን ሥራ አወጣ። በቀናት ውስጥም የተሸጠው ቅጂ በድምሩ 1 ሚሊዮን ደረሰ። እንግዲህ የ«ሄዲስ» ሂስ ሥራው ካለቀ በኋላ የተጻፈ ብቻ አይደለም፤ ከሥራው ጋር እየተጓዘ ሥራውን የቀረጸ ሂስ ነው። ደራሲ ረቂቁን ለወዳጆቹ እንደሚያነብና በሚሰጡት አስተያየት እንደሚያርመው ያለ ነው፤ ልዩነቱ ወዳጆቹ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው።

ታሪኩ ከጥንታዊ የግሪኮች አፈ ታሪክ የተወሰደ ነው። ሄዲስ የሙታን ዓለም ገዢ ነው፤ ስሙም የግዛቱ ስም ሆኖ ያገለግላል፤ በእኛ አነጋገር ሲኦል እንደ ማለት ነው። ልጁ ዛግሬዎስ ከአባቱ ቤት አምልጦ፣ ተሰውራ የቀረችውን እናቱን ፔርሴፎኔን ለማግኘት ይነሣል። ታርታሮስን፣ አስፎዴልን፣ ኤሊዚየምንና የስቲክስን መቅደስ አቋርጦ ወደ ምድር ገጽ መውጣት አለበት፤ በመጨረሻው ደጃፍ ላይ የሚጠብቀው ደግሞ የገዛ አባቱ ነው። በመንገድ ላይ ሲሞት በደም ኩሬ ውስጥ ተነሥቶ ወደ ወጣበት ቤት ይመለሳል። ያ ተማሪ የነገረኝ እዚህ ላይ ይገኛል። ቤት ሲመለስ ሰዎቹ ይጠብቁታል፤ አንዱ ይቀልድበታል፤ አንዱ ያጽናናዋል፤ አሠልጣኙ አኪለስ ይመክረዋል፤ አባቱ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ቀና ሳይል ይነቅፈዋል። ባለመሞቱ ያልሰማውን ነገር በመሞቱ ይሰማል። ከ20,000 በላይ የሚሆነው በድምፅ የተቀረጸ ንግግር የተዘጋጀው ለዚህ ነው።

ምስጋናውና ነቀፋው

የሐያስያኑ ምስጋና በሁለት ዐበይት ነጥቦች ላይ ያረፈ ነበር። የመጀመሪያው ከላይ የተገለጸው የቅርፅና የይዘት ውሕደት ነው። ከ«ሮግ» ጀምሮ የነበረው ሞትና መልሶ መጀመር የጨዋታው ሕግ እንጂ የታሪኩ አካል አልነበረም፤ ተጫዋቹ እንደገና ሲጀምር ታሪኩ ምንም እንዳልሆነ ይረሳዋል። በ«ሄዲስ» ግን ሕጉ ራሱ ታሪክ ሆነ። ጀግናው መሞቱን ያውቃል፤ የገደለውም ያስታውሰዋል። በመንገዱ ላይ የሚያገኘው ሲሲፎስ፣ ድንጋይ ወደ ተራራ ሲገፋ እንዲኖር የተፈረደበት ሰው፣ ከድንጋዩ ጋር ተወዳጅቶ በደስታ ሲኖር ይታያል። ይህ በከንቱ የገባ ቀልድ አይደለም፤ የጨዋታው ሁሉ ጭብጥ በአንድ ገጸ ባሕርይ ተጠቃሎ የቀረበበት ነው።

ሁለተኛው ምስጋና ለሥዕሉ የተሰጠ ነው። የጄን ዚ ገጸ ባሕርያት በጥቁር ቀለም ጥላ የተሞሉ፣ በደማቅ ቀይ፣ ወርቃማና አረንጓዴ ቀለም የተንቈጠቈጡ ናቸው። የእያንዳንዱ አምላክ ባሕርይ ገና ሳይናገር ከአቋቋሙና ከልብሱ ይታወቃል። የእኛ ሠዓልያን ይህን ቢመለከቱ እንግዳ አይሆንባቸውም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን በደንብ የሰላ ጥቁር መስመር፣ ያልተደባለቀ ቀለምና ትልልቅ ዓይን የቈየ ወግ ነው። ጻድቁ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ሲሣል ክፉው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ተመልካቹም ጽሑፍ ሳያነብ ማን ምን እንደ ሆነ ይለያል። ሁለቱ ወጎች አንዱ ከሌላው የተወረሰ አይደለም። የሚያገናኛቸው መስመርን እንደ ቃል አድርጎ መጠቀም ነው።

ሽልማቱም ብዙ ነበር። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ ምርጥ ጨዋታ ተባለ፤ በሥነ ጥበብና በድርሰት የተሰጡትን ጨምሮ አምስት ሽልማት ወሰደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሳይንስና ለምናባዊ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ተቀበለ፤ በዚያ ሽልማት ታሪክ በጨዋታነቱ የተሸለመ የመጀመሪያው ሥራ ነው። የሐያስያኑ ነጥብ ሲሰላ አማካዩ ከ100 ወደ 93 ደረሰ።

ይሁን እንጂ የምስጋና ብዛት የነቀፋን ዋጋ አያሳንሰውም። ከነቀፋዎቹ አንደኛው የድግግሞሽ ነው። ንግግሩ ምን ጊዜም አዲስ ቢሆንም ክፍሎቹ፣ ጠላቶቹና የየክልሉ አለቆች ውሱን ናቸው፤ የታሪኩን ዋና ፍጻሜ ለማየት ደግሞ አሥር ጊዜ ማምለጥ ያስፈልጋል። ከአሥሩ መካከል የኋለኞቹ ለታሪኩ ሲባል የሚከፈሉ ግብር ይመስላሉ የሚሉ አሉ። ሁለተኛው፣ ፍልሚያው በጋለ ጊዜ ብርሃንና ነበልባል ስለሚበዛ ጀግናው የት እንዳለ አይታወቅም የሚል ነው። ሦስተኛው ሥዕሉን ራሱን ይመለከታል። ጣዖታቱም፣ ጭራቆቹም፣ ሙታኑም ሳይቀሩ ሁሉ ቆንጆ ናቸው፤ መልከ ጥፉ ወይም ተራ ሰው ማግኘት ያዳግታል። በተጨማሪም ይህ ሁሉ የሥዕል ሀብት የሚታየው በንግግሩ ጊዜ በቆመው ምስል ላይ ነው፤ በፍልሚያው ጊዜ ገጸ ባሕርያቱ አንሰው ዝርዝራቸው ይጠፋል።

አራተኛው ነቀፋ ከሁሉ ይጠልቃል፤ የመጣውም የበርሊኑን ድንበር ከሚያከብሩት ወገኖች ነው። በ«ሄዲስ» ተጫዋቹ በሞተ ቁጥር የሰበሰበው ሀብት ከእርሱ ጋር ይቀራል፤ ኃይሉም ይጨምራል። እንግዲያውስ በመጨረሻ ያሸነፈው ችሎታው ነው ወይስ ክምችቱ? በተለይ «የአምላክ ሁኔታ» የተባለውን አማራጭ የመረጠ ተጫዋች የሚደርስበት ጉዳት ከመጀመሪያው በ20 በመቶ ይቀንስለታል፤ በሞተ ቁጥርም 2 በመቶ እየተጨመረ እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። ለእነዚህ ወገኖች ይህ የሞትን ክብደት ማቅለል ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነቀፋዎች ትክክል ናቸው። በተለይ የውበቱ ነገር ሥራውን ጎድቶታል፤ በሙታን ዓለም ውስጥ እርጅናና ድካም የማይታይበት ሥዕል የሰውን ሕይወት ሙሉ በሙሉ አያሳይም። አራተኛውን ግን አልቀበልም። መምህር የሆነ ሁሉ ምክንያቱን ይረዳዋል። በፈተና የወደቀ ተማሪ ወደ ክፍል ሲመለስ ባዶ እጁን አይመለስም፤ የት እንደ ሳተ ዐውቆ ይመለሳል። መምህሩም ጥያቄውን ደረጃ በደረጃ ቢያቀልለት አታለለው አይባልም፤ አስተማረው ይባላል። የቀለለው አማራጭ ማንንም አያስገድድም፤ ክብደቱን የሚፈልግ ክብደቱን ይመርጣል። ከደጅ የሚመለሰውን ማስገባት ለውስጠኛው ውርደት አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ መጨመር ይገባል። «ሄዲስ» በወጣበት ዓመት በጨዋታ ኢንዱስትሪው ውስጥ ሠራተኛን ከመጠን በላይ ማሠራት ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ በታላቅ ወጪ የተሠራው «ሳይበርፓንክ 2077» በዚህ ረገድ በስፋት ተወቅሶአል። በአንጻሩ «ሱፐርጃያንት» ሠራተኛው በዓመት ቢያንስ 20 ቀን ዕረፍት እንዲወስድ ያስገድድ እንደ ነበር በወቅቱ ተዘግቦአል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሐያስያን ጥሩ ሥራ የግድ ከሠሪው ጤና የሚቀነስ አለመሆኑን ለማስረዳት «ሄዲስ»ን በምሳሌነት ጠቅሰዋል።

የአማልክቱ መልክና የኢትዮጵያ ስም

በ«ሄዲስ» ሥዕል ላይ የተነሣ አንድ ክርክር የእኛን አንባቢ በቀጥታ ይመለከታል። የግሪክ አማልክትን በነጭ እብነ በረድ መልክ ማየት በለመደው ዓለም፣ ጄን ዚ አቴናን በጠይም መልክ፣ ዲዮኒሶስን በህንዳዊ መልክ፣ ኤውሪዲኬን ደግሞ ፀጉሯ እንደ ዛፍ አናት የተንሰራፋ ጥቁር ሴት አድርጋ ሣለቻቸው። አንዳንዶች ይህ ከጥንቱ ታሪክ መራቅ ነው አሉ፤ ብዙ ሐያስያን ግን አመሰገኑት።

የጥንቱን ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ፍርዱ አይከብደውም። በሆሜር «ኢሊያድ» መጀመሪያ ዜውስ አማልክቱን አስከትሎ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሄዶ እናገኘዋለን፤ በ«ኦዲሲ»ም ፖሴይዶን እንዲሁ በእነርሱ ዘንድ ነው። የሆሜር ኢትዮጵያ ከዛሬው ድንበራችን ጋር አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ሆኖም ጥቁሩ ሰው ከዚያ ዓለም ውጭ እንዳልነበረ ያሳያል። የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ አንድሮሜዳ በሮማዊው ባለቅኔ በኦቪድ ብዕር ጠይም ተብላ ሳለ፣ የአውሮጳ ሠዓልያን ለብዙ መቶ ዓመታት ነጭ አድርገው ሣሏት። ያን ጊዜ ከጥንቱ ጽሑፍ ራቁ ብሎ የጮኸ ብዙ አልነበረም። እንግዲህ ነቀፋውን የሚያነሣ ሰው ሚዛኑን ለሁሉም እኩል ቢያደርግ መልካም ነው።

ለእኛ ምን ይተርፋል?

የ«ሄዲስ» ተከታይ ክፍል በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. እንደ መጀመሪያው ሳይፈጸም ለሕዝብ ቀርቦ፣ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ተጠናቅቆ ወጥቶአል። በዚህም ላይ ምስጋናና ነቀፋው ቀጥሎአል። እኛ ግን ከዳር ቆመን የሌላውን ክርክር እያዳመጥን የምንቀር መሆን የለብንም።

በአገራችን ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች መነሣት ጀምረዋል። በአዲስ አበባ የተቋቋመው «ቅኔ» የተባለ ድርጅት ከአሳዳጅዋ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ለስልክ አዘጋጅቶ አቅርቦአል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። እነዚህ ሥራዎች ወጡ ተብሎ በዜና ተነግሮላቸው ይሆናል። ሥዕላቸው ምን ይመስላል፣ ዜማቸው ከየት መጣ፣ ሕጋቸው ምን ይናገራል ብሎ የመዘናቸው ግን ስንት ነው? ሐያሲ የሌለው ሠሪ በሽያጭ ብቻ ይመዘናል፤ በሽያጭ ብቻ የተመዘነ ሠሪ ደግሞ የሚሸጠውን እንጂ የሚሻለውን አይሠራም። የ«ሄዲስ» ታሪክ ያስተማረን ዋና ነገር ይህ ነው፤ ሥራው የጠነከረው ገና ሳይፈጸም ጀምሮ የሚመዝነው ሰው ስለ ነበረው ነው።

ከዚህ በመነሣት ድርሻችንን መለየት ይቻላል። መምህሩ ተማሪው የሚጫወተውን ጨዋታ ከመንቀፉ በፊት አንድ ጊዜ ይመልከተው፤ ታሪኩ ምን እንደ ሆነ፣ ሥዕሉ ለምን እንደ ማረከው ተማሪውን ይጠይቀው፤ ጊዜ የሚያባክን ሆኖ ካገኘውም ምክንያቱን አስረድቶ ይንገረው። ሠዓሊው በዚህ መስክ ለመስመሩና ለቀለሙ ሥራ እንዳለ ይወቅ። የባህል ሠራተኛው ደግሞ የጉግሱን፣ የገበጣውንና የሰንጠረዡን ሥርዓት ከእነ ምዘናው መዝግቦ ያቆይ፤ ነገ ጨዋታ የሚሠራው ወጣት የሚቀዳበት ምንጭ ይህ ነውና።

የአገው ፈረሰኛ በሜዳው ላይ ቢወድቅ ተመልካቹ አይበተንም። እንዴት እንደሚነሣ ለማየት ይጠብቃል፤ ተነሥቶ ልጓሙን ሲጨብጥም ከቀድሞው የላቀ እልልታ ይሰጠዋል። ያ ተማሪ በደብተሩ ጀርባ ይዞት የመጣው ሐሳብ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በባዕድ አገር ሥዕል ያየው ነገር በገዛ አገሩ ሜዳ ላይ በየዓመቱ የሚታይ መሆኑን ልነግረው እችል ነበር። አልነገርሁትም፤ ደብተሩን አስከደንሁት። ሌላ መምህር ይህን ስሕተት ባይደግመው የዚህ ጽሑፍ ድካም ከንቱ አይሆንም።